ባሕር፣ ወይንና አደን፦ የአንድ የቅንጦት ጉዞ የቆየ ታሪክ

ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት፣ ማለትም በ2022 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ)፣ አንድ የጉዞ ወኪል ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ፣ ከሱቅ ሲታ ብዙም ሳይርቅ ወደ ነበረችው ቤቴ መጥቶ በዓረብኛ የተጻፈና ሥዕል የበዛበት ማስታወቂያ ሰጠኝ። ወደ አማርኛ እንድመልስለት ነበር። ማስታወቂያው ስለ አንድ የ12 ቀን ጉዞ ያትታል። መንገደኛው በመጀመሪያ በኬፕ ታውን የባሕር ዳርቻ ይሰነብታል፤ ቀጥሎ ወይን ወደሚበቅልባቸው ሸለቆዎች ተሻግሮ ከአንዱ መጥመቂያ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይቀምሳል፤ በመጨረሻም በትንሽ አውሮፕላን ወደ ክሩገር ፓርክ ተወስዶ አንበሳና ዝሆን ያያል። አዲስ አበባ ለሚኖሩ ባለጸጎች የታሰበ ጉዞ ነው።

ሥራው ቀላል ይመስል ነበር፤ ሆኖም ገና በርእሱ ላይ ተያዝሁ። ዓረብኛው «ፋኺር» ብሎ የሚያሞካሸውን ነገር አማርኛችን «የቅንጦት» ይለዋል፤ ቅንጦት ደግሞ በእኛ ዘንድ ነቀፌታ ያለበት ቃል ነው። ልጁን «አትቀናጣ» ብሎ ያልገሠጸ ወላጅ ማን አለ? ከብዙ ማመንታት በኋላ «የተንደላቀቀ» የሚለውን መረጥሁ። ከዚያ «ሳፋሪ» መጣች። ይህች ቃል ከዓረብኛው «ሰፈር» ተነሥታ በስዋሂሊ አፍ «ሳፋሪ» ሆና፣ ከስዋሂሊ እንግሊዞች ወስደዋት፣ ዞራ ዞራ ወደ ዓረብኛው ማስታወቂያ እንደ እንግዳ የተመለሰች ናት። በዓረብኛ ሰፈር ማለት ጉዞ ነው። በአማርኛ ግን ሰፈር ማለት ሰው ተጉዞ ሲያበቃ የሚያርፍበት፣ ድንኳን የሚተክልበት ስፍራ ነው። ሐጅ ዩሱፍ ለኛ ሁለቱንም ነበረች፤ ከመተማ ለመጣው ሰፈር፣ ወደ ሊቢያ ለሚያስበው ደግሞ ሰፈር በዓረብኛው።

ይህን እያሰብሁ ማስታወቂያውን ስተረጉም አንድ ጥያቄ አደረብኝ። ባሕርን፣ ወይንንና የዱር አውሬን በአንድ መንገድ ያጣመረ ጉዞ የደቡብ አፍሪካ ፈጠራ ነውን? መልሱን ፍለጋ ያገላበጥኋቸው መጻሕፍት ራቅ ወዳለ ዘመን፣ ግን ወደ ቅርብ ስፍራ መለሱኝ። ጉዞው በመጀመሪያ የኛው ሠፈር ጉዞ ኖሯል።

ስለ ደቡብ አፍሪካው ጥቂት ብዬ ልለፍ። ያን ቫን ሪቤክ የተባለው ሆላንዳዊ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም በ1652 ኬፕ ላይ ሰፈረ። በ1658 ባሪያዎች የጫኑ ሁለት መርከቦች ደረሱ። በዓመቱ፣ በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1659፣ በኬፕ የመጀመሪያው ወይን ተጠመቀ። ቅደም ተከተሉን እንመልከት፤ ባሪያው ከወይኑ በፊት ደርሷል። የኬፕ ወይን ስሙ ገንኖ ናፖሊዮን በቅድስት ሔለና ደሴት በግዞት ሳለ ሳይቀር ይቀርብለት የነበረው፣ ከማዳጋስካር፣ ከሞዛምቢክ፣ ከሕንድና ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች በመጡ ባሮች ጉልበት ነው። ባርነት በ1834 በሕግ ተሽሮ፣ ባሮቹ በ1838 በእርግጥ ነጻ ከወጡ በኋላም ለወይን እርሻ ሠራተኛ ከደመወዙ ከፊሉን በወይን ጠጅ የመስጠት ልማድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ አልጠፋም። ክሩገርን ያየን እንደ ሆነ፣ በ1926 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ታወጀ፤ በ1969 የማኩሌኬ ሕዝብ ከሰሜናዊው ጫፍ ተነቅሎ መሬቱ በፓርኩ ተጠቃለለ። መሬታቸው በፍርድ የተመለሰላቸው በ1998 ነው። ማስታወቂያው ስለዚህ ሁሉ ምንም አይልም። በርግጥ ማስታወቂያ ነውና አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንመለስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው ክፍለ ዘመን የግብጹ ንጉሥ ዳግማዊ በጥሊሞስ ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖችን ይሻ ነበር። ተቀናቃኞቹ የሶርያ ነገሥታት ከሕንድ ዝሆን ያስመጣሉ፤ እርሱ ግን ወደ ሕንድ የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋበት ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ። ዛሬ የሱዳን በሆነው የቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ወደ ኤርትራ ድንበር በቀረበው አካባቢ፣ አዳኞቹ የሚሰፍሩበት ከተማ አስቆረቆረ። ስሟም «ጥሊማይስ ዘአደን» እንደማለት ነበር፤ ለአደን ብቻ የተመሠረተች የባሕር ከተማ! ከዚያ የተያዙት ዝሆኖች ለዚሁ በተሠሩ መርከቦች ተጭነው ወደ ግብጽ ይጓዙ ነበር። ድካሙ ያን ያህል የሚያስከፍል ትርፍ አልነበረውም። በ217 ከክርስቶስ ልደት በፊት በራፍያ ጦርነት የአፍሪካው ዝሆን የሕንዱን ዝሆን ሽታና ድምፅ መቋቋም አቅቶት ወደ ኋላ እንደ ሸሸ ተጽፏል።

ወይኑስ? እርሱን የሚነግረን በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ዓመተ ምሕረት አንድ ስሙ ያልታወቀ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር የጻፈው የመርከበኛ መመሪያ ነው። ጸሐፊው አዱሊስን ሲገልጽ ወደቧ የምታስገባውን ዕቃ በዝርዝር ያስቀምጣል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሎዶቅያና ከኢጣልያ የሚመጣ የወይን ጠጅ አለ፤ «ብዙ ያልሆነ» የምትል ማሳሰቢያም ተጨምራበታለች። ብዙ አለመሆኑ አይገርምም፤ ጠጅ ባለበት አገር የባዕድ ወይን የሚጠጣው ንጉሡና በወደቡ የሰፈሩት የውጭ አገር ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ከአዱሊስ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የዔሊ ድንጋይ ነው። ደራሲው ሲያክል ዝሆንና አውራሪስ የሚታደኑት በመሃል አገር እንደ ሆነ፣ አልፎ አልፎ ግን በአዱሊስ ዳርቻ ሳይቀር እንደሚታዩ ይናገራል። የዝሆን ጥርሱም ከዓባይ ማዶ ሳይቀር ተሰብስቦ ወደ አክሱም፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ ይወርዳል ይላል። ከዓባይ ማዶ ማለት እንግዲህ ወደኛ አቅጣጫ ነው። ባሕር፣ ወይንና አውሬ በአንድ ገጽ ላይ፣ ከዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት።

ይሁን እንጂ ከሁሉ ያስደነቀኝ የንጉሥ ዔዛና ጽሑፍ ነው። በአራተኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ በግዕዝ፣ በግሪክና በሳባ ፊደል ከተቀረጹት ጽሑፎቹ አንዱ ስለ ቤጃዎች ይተርካል። ቤጃ ዛሬም ፖርት ሱዳንና ሱዋኪን የሚኖረው፣ ጠጉሩን አሳድጎ ቡናውን በዝንጅብል የሚጠጣው ሕዝብ ነው። ቤጃዎች ስላመፁ ንጉሡ ሁለት ወንድሞቹን ላከባቸው፤ ስድስት አለቆች ከነሕዝባቸው ተማረኩ፤ ቁጥራቸው 4,400 ነበር። ከአገራቸው ነቅለው በንጉሡ ግዛት ወደ ተመደበላቸው ሌላ ስፍራ ወሰዷቸው። ጽሑፉ ታዲያ የመንገዱን ስንቅ ይቆጥራል፤ በየቀኑ 22,000 ዳቦ፣ የላም ሥጋ፣ ለመጠጥም ጠላ፣ ወይንና ውሃ እስኪጠግቡ ድረስ፣ ይህም ለአራት ወራት። ሒሳቡን ላደረገ ሰው ለእያንዳንዱ በቀን አምስት ዳቦ ይደርሰዋል። የጉዞ ወኪሌ ያን ያህል አልጋበዘም! በአካባቢያችን ታሪክ ከነስንቁ ተመዝግቦ የቆየን፣ ወይን ያልጎደለበት ትልቅ የቡድን ጉዞ ለመጥቀስ ብፈልግ ይህን እጠቅሳለሁ። ተጓዦቹ ግን ምርኮኞች ነበሩ። ድንጋዩን ያስቀረጸው አስተናጋጁ እንጂ እንግዶቹ አይደሉም፤ ወይኑ እንዴት ይጣፍጣቸው እንደነበር የጻፈልን የለም።

ዘመኑን ዘልዬ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ልምጣ። ሳሙኤል ቤከር የተባለው ባለጸጋ እንግሊዛዊ ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋር በ1861 እና በ1862 ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን ወንዞች እየተከተለ አደነ። አትባራንና ሰቲትን ተመላልሶባቸዋል፤ ከሐምራን ዓረቦች ጋር ሆኖ፣ ፈረስ ላይ ሆነው የዝሆንን ቋንጃ በሰይፍ ሲቆርጡ አይቷል። ከዚያ በገላባት፣ ማለትም በመተማ ዳርቻ አልፎ፣ ራሃድንና ዲንደርን ተሻግሮ በጁን 1862 ካርቱም ገባ። መጽሐፉን በ1867 ሲያወጣ አንባቢው ብዙ ነበር። ፍሎረንስን ደግሞ በ1859 በዳንዩብ ወንዝ ዳር ካለችው ከቪዲን የባሪያ ገበያ እንዳገኛት ዛሬ የታወቀ ነው። እንግዲህ ከእርሱ ጋር በደስታ ያደነችው ሴት ራሷ ቀድሞ የተሸጠች መንገደኛ ነበረች። የቤከርን መንገድ በካርታ ላይ የተከታተለ ሰው ከመተማ እስከ ካርቱም እኛ የምናውቃቸውን ስሞች ያገኛል። እርሱ የወራት አደን ያደረገበትን ያንኑ አገር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የኛ ሰው በሌሊት ተሻግሮታል።

የእንግሊዝና የግብጽ ጦር ካርቱምን ከያዘ በኋላ የቤከር ዓይነቱ ጀብዱ ቲኬት የሚቆረጥለት ጉዞ ሆነ። ቶማስ ኩክ የተባለው የጉዞ ድርጅት አስቀድሞ በዓባይ ላይ መርከቦች ነበሩት። በ1884 ጎርዶንን ለማዳን ወደ ካርቱም የተላከውን ወደ 18,000 የሚጠጋ ጦር ያጓጓዘው ይኸው የሽርሽር ድርጅት ነው። ወታደሩ በሄደበት ጎብኚው ተከተለ። ባቡር በ1899 መጨረሻ ላይ በኛ ወገን፣ በባሕሪ በኩል፣ ሐልፋያ ደረሰ። በጥቁር ዓባይ ላይ ድልድይ ተሠርቶ ባቡሩ እስኪሻገር ድረስ አሥር ዓመት ያህል ስለፈጀ፣ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉት እንግዶች ባሕሪ ላይ ወርደው በጀልባ ወደ ካርቱም ይሻገሩ ነበር። ማዶ በዓባይ ዳር ግራንድ ሆቴል ይጠብቃቸዋል። በ1906 ደግሞ ወደ ቀይ ባሕር የሚወስደው ሐዲድ ተከፈተ፤ ፖርት ሱዳንም ሱዋኪንን ተካች። እንግዲህ ባሕሩም፣ ሆቴሉም፣ ከነጭ ዓባይ ላይ የሚነሣው የአደን መርከብም በአንድ መሥመር ተያያዙ። ወይኑ በባቡር ይመጣል።

በዚያ ዘመን ዝነኛ ጉዞዎች የሚያበቁት ካርቱም ላይ ነበር። ወጣቱ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል በ1907 ሞምባሳ ላይ ከመርከብ ወርዶ፣ ኬንያንና ዩጋንዳን አቋርጦ፣ በዓባይ ቁልቁል ካርቱም ደረሰ፤ ጉዞውን በጻፈበት መጽሐፍ መጨረሻ ገደማ አሽከሩ ስክሪቪንግስ ካርቱም እንደ ደረሱ ታሞ መሞቱን ይተርካል። እዚሁ ተቀበረ። የጌታውን ሻንጣ ከሞምባሳ ጀምሮ ሲያሰናዳ የመጣው ሰው የጉዞውን ፍጻሜ አላየም።

ከእርሱ የሚልቀው ግን ቴዎዶር ሩዝቬልት ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነቱን ባስረከበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ አፍሪካ ተነሥቶ በኤፕሪል 1909 ሞምባሳ ገባ። ከልጁ ከከርሚት ጋር ሆኖ የገደላቸው አውሬዎች 512 ናቸው፤ 296ቱን አባት፣ 216ቱን ልጅ። ለቤተ መዘክር የሚሆን ነው ተብሎ የተወሰደው ናሙና ከትንንሹ ጋር ተደምሮ በሺህ ይቆጠራል። ድንኳኑንና ሳጥኑን፣ ቆዳውን ለማድረቅ የሚያስፈልገውን ብዙ ጨውና በዓሣማ ቆዳ የተጠረዙ መጻሕፍቱን ሳይቀር ተሸክመው የሄዱት ከ200 በላይ ሐማሎች ነበሩ። (መጻሕፍቱን ማስጠረዙን ግን እኔ በተርጓሚነቴ አደንቃለሁ፤ አሸዋና ላብ በሚያበላሸው አገር መጽሐፍ ይዞ መዞር ምን እንደሆነ አውቃለሁና።) በማርች 14 ቀን 1910 «ዳል» በምትባል መርከብ ካርቱም ሲደርስ ባለቤቱና ሴት ልጁ ተቀበሉት። ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የሚሺጋን ጋዜጣ «ሰካራም ነው» ብሎ ስለጻፈበት ፍርድ ቤት ገተረው፤ ጠጪ አለመሆኑንም ምስክር ቆጥሮ አስረድቶ ረታ። በገዛ ጥያቄው የተፈረደለት ካሳ ስድስት ሳንቲም ነበር። የሩዝቬልት ጉዞ እንግዲህ ባሕርም አደንም ነበረው፤ ወይኑ ግን በችሎት ተስተባበለ።

እንስሳቱ እያለቁ መሄዳቸውን ራሳቸው አዳኞቹ አዩት። በ1933 ለንደን ላይ ስለ አፍሪካ እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ተፈረመ፤ የሱዳን መንግሥትም በ1935 ዲንደርን ብሔራዊ ፓርክ አደረገ። የዲንደር ወንዝ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርድ ነው። ከድንበሩ ወዲያ በቋራ በኩል አላጥሽ በ2006 ፓርክ ሲሆን፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተያያዙ። አንበሳውና ዝሆኑ በዝናቡ ወራት ወዲያ፣ በበጋው ወዲህ ይላሉ። ፓስፖርት አይጠየቁም።

ኢትዮጵያም በበኩሏ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሦስቱንም በእጇ ይዛ ነበር። በ1960ዎቹ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪስት ድርጅቱን ሲመራ «የ13 ወር ጸጋ» የተሰኘውን መጠሪያ ለዓለም አስተዋወቀ። ጎብኚው በምጽዋ በቀይ ባሕር ይታጠባል፤ በ1966 በተቋቋመው በአዋሽ ፓርክ ሳላ ያያል፤ ማታ አዲስ አበባ ላይ ጉደር ወይም አክሱሚት ይቀዳለታል። አዋሽም ያለ ሐሜት አልተከለለም፤ የከረዩ አርብቶ አደሮች ከግጦሻቸው የተገፉት በፓርኩና በመተሐራ ሸንኮራ እርሻ መካከል ነው። ከ1993 ወዲህ ግን ምጽዋ የሌላ አገር ወደብ ናት፤ ጉዞውም ባሕሩን አጣ። ወይኑ ቆይቶ በረታ። ካስቴል የተባለው የፈረንሣይ ኩባንያ ዝዋይ ላይ ወይን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ ሲያቀርብ፣ ጉማሬና ጅብ ወደ ወይኑ እንዳይገቡ በእርሻው ዙሪያ ቦይ መቆፈሩ ተወራ። ሳፋሪው ራሱ ወደ ወይኑ መጣ ማለት ነው።

በሱዳን በኩል የወይኑ ታሪክ በአንድ ቀን ተደመደመ። በሴፕቴምበር 1983 ፕሬዚዳንት ኒሜሪ የሸሪዓን ሕግ ሲያውጅ፣ በካርቱም የነበረው መጠጥ ሕዝብ እያየ ወደ ዓባይ ተደፋ። ከዚያ በኋላ የተሠቃየው ግን የሆቴሉ እንግዳ አይደለም። ሐጅ ዩሱፍን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከደቡብና ከኑባ ተራሮች የተፈናቀሉ እናቶች፣ ከነሱም ጋር የኛዎቹ፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ዓረቄና ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ነበር። በ1991ዱ የወንጀል ሕግ ለጠጪም 40 ጅራፍ ተደነገገ፤ ሻጯ እናት ደግሞ መገረፉም፣ መታሠሩም፣ ዕቃዋን መነጠቁም ይጠብቃት ነበር። ሙስሊም ላልሆነ ሰው መጠጥ የተፈቀደው በጁላይ 2020 ነው። ማስታወቂያውን ስተረጉም «የወይን ጠጅ ቅምሻ» የሚለውን ሐረግ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ግቢ የምንጋራ እትዬ (ስማቸውን አልጠቅስም) በመስኮት ሰምተው፣ «እሱን ለመቅመስ ነው ሰው አውሮፕላን የሚሳፈረው? እኛ ለመሸጡም በእግር መጣን» ብለው ስቀውብኛል። መሳቃቸው ከእርሳቸው ዘንድ የተለመደ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን አንድ ስፍራ አለ፤ ሁለቱ መንገደኞች፣ ማለትም የተንደላቀቀውና የተሸሸገው፣ በአንድ ግቢ ውስጥ የተገናኙበት። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን በባሕሩ ዳር «ዓሩስ» የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበር። ዓሩስ በዓረብኛ ሙሽራ ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢጣልያውያን 15 ያህል ትንንሽ ቤቶችንና አንድ የምግብ አዳራሽ ሠርተው፣ መንገድም መብራትም ሳይመጣላቸው ትተውት ሄዱ። በ1981 አንድ የስዊስ የጉዞ ኩባንያ ነን ያሉ ሰዎች ከሱዳን ቱሪዝም ባለሥልጣናት ተከራዩት። ኩባንያው የይስሙላ ነበር፤ ተከራዮቹ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች ነበሩ። ዓላማቸው ከጎንደርና ከትግራይ ወጥተው በገዳሪፍ ዙሪያ በስደተኛ ጣቢያዎች፣ በኡም ራኩባና በተዋዋ፣ የሚማቅቁትን ቤተ እስራኤላውያን በባሕር ማሻገር ነው።

ሥራው እንዲታመን መንደሩ እውነተኛ የሽርሽር ቦታ መሆን ነበረበት። የጠለቃ መሣሪያ አመጡ፤ በኢጣልያኖቹ ቤቶች መብራትና ማቀዝቀዣ አስገቡ፤ ከፖርት ሱዳን ሆቴል ወጥ ሠሪ በእጥፍ ደመወዝ አስኮበለሉ፤ አሥራ አምስት ያህል የአካባቢው ሰዎችንም ቀጠሩ። ሠራተኞቹ የቀጣሪያቸውን ማንነት አያውቁም። በአውሮፓ የታተመ፣ ባለ ቀለም ሥዕል ማስታወቂያም ተሰራጨ። ይህን ሳነብ የራሴን ማስታወቂያ መለስ ብዬ አየሁት። ያን የዓሩስ ማስታወቂያ የጻፈው ሰው ከሙያ አጋሮቼ ሁሉ የሚበልጥ ቁም ነገር ሠርቷል፤ እያንዳንዱ የቃላት ጌጥ የሰው ነፍስ ይሸፍን ነበርና። ደግሞም ውሸት አልነበረም፤ ባሕሩ እንዳለው ነበር፤ እንግዶችም መጡ፤ ዲፕሎማቶች፣ ጠላቂዎች፣ የጦር መኮንኖች ሳይቀሩ። መንደሩ ወጪውን የሚሸፍን ገቢ ያስገባ ጀመር።

ቀን ቀን አስተናጋጆቹ እንግዶቻቸውን ኮራሉን ያስጎበኛሉ። በተወሰኑ ሌሊቶች ግን የተወሰኑት ይጠፋሉ፤ የጭነት መኪና ይዘው ወደ ገዳሪፍ ይነዳሉ። ከጣቢያው በጨለማ የወጡትን ሰዎች ጭነው ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቀን እየተደበቁ ሌሊት እየነዱ ወደ ባሕሩ ያመጧቸዋል። የእስራኤል ባሕር ኃይል ሰዎች በጎማ ጀልባ ተቀብለው ራቅ ብላ ወደምትጠብቀው «ባት ጋሊም» መርከብ ይወስዷቸዋል። ባሕርን አይተው የማያውቁ የደጋ ሰዎች፣ ሕፃንና ሽማግሌ፣ የመጀመሪያ የባሕር ጉዟቸውን ያደረጉት እንዲህ ነው። በማርች 1982 በአንደኛው ሌሊት የሱዳን ወታደሮች ደርሰው ተኩስ ከፈቱ፤ የተጎዳ ባይኖርም ከዚያ በኋላ የባሕሩ መንገድ ቀርቶ በበረሃ ሜዳ ላይ በሚያርፉ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ተተካ። የትግራዩ ተወላጅ ፈረደ አክሉም ከካርቱም የላከው ደብዳቤ ይህን ሁሉ ካስጀመሩት ምክንያቶች አንዱ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ የሞሳድ ሰው ስም ሲነሣ የእርሱ ስም ከኋላ እንዲቀር ማድረግ ተገቢ አይመስለኝም።

ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተካሄደው «ኦፕሬሽን ሙሴ» ብዙ ሺህ ሰዎች ከካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በብራስልስ በኩል ተጓጓዙ። ወደ ሱዳን በእግር ሲመጡና በጣቢያዎቹ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ኒሜሪ በኤፕሪል 1985 ከሥልጣን ሲወርድ አስተናጋጆቹ አንድ ማለዳ ሳይሰናበቱ ጠፉ። በማግሥቱ ከእንቅልፋቸው የነቁት ጎብኚዎች ከአካባቢው ሠራተኞች ጋር ብቻቸውን ቀርተው ተገኙ ይባላል። ቁርሱን ማን እንዳቀረበላቸው አላነበብሁም፤ ያ በእጥፍ ደመወዝ የመጣው ወጥ ሠሪ ሳይሆን አይቀርም። ኡም ራኩባ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 2020፣ ከትግራይ ለተሰደዱት እንደገና ተከፈተ።

የጉዞ ወኪሉ ሒሳቡን አሟልቶ ከፍሎኛል። ማስታወቂያው ግን ሳይታተም ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ደረሰ። እኔም ከብዙዎቻችሁ ጋር የልብሴን ሻንጣና መዝገበ ቃላቴን ይዤ በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ወጣሁ። ያ ቤከር እያደነ ያለፈበት አገር ነው፤ ዲንደር ከመንገዱ በስተቀኝ ይቀራል። በአውቶቡሱ ውስጥ ስለ አውሬ ያወራ አልነበረም፤ ወሬው ሁሉ ስለ ኬላና ስለ ውሃ ነበር። እትዬ ከጎኔ ተቀምጠዋል። ገላባት ልንደርስ ስንል ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ ገለጥ አድርገው ጠየቁኝ።

«ያ የምትጽፈው የሀብታሞቹ ጉዞ ስንት ቀን ነው ያልኸኝ፣ ልጄ?»

«12 ቀን ነው፣ እትዬ።»

«እኛ ዛሬ ስንተኛችን ነው?»

«ከሐጅ ዩሱፍ ከወጣን ስድስተኛችን።»

«ግማሹን ጨርሰናላ» አሉና ነጠላቸውን መለሱ።